ጋሽ ሮባ እና ጨረታ የሚጠብቀው ኮምፒውተር

የጋሽ ሮባን ሞት የነገረችኝ የቢሯችን የጽዳት ሠራተኛ እትዬ ዘነበች ናት። መጥረጊያዋን እንደያዘች በሬ ላይ ቆማ አየችኝ። ሐዋሳ ሆስፒታል ከተኛ ጀምሮ በየጠዋቱ እንዲህ ስንተያይ ስለከረምን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ። እሷም መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አብራኝ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ እሱ ክፍል ገባች፤ የማሽኑን ጀርባ በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ ተመለሰችና «ደህና ነው» አለችኝ። ሰው ሞቶ ስለ ኮምፒውተር ደህንነት የሚወራበት ቢሮ ምን ዓይነት ቢሮ ነው የሚል ካለ፣ ጋሽ ሮባን አያውቀውም ማለት ነው።

የምሠራው ዲላ ውስጥ ባለ አንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ቢሮ ነው። የአባል ገበሬዎችን መዝገብ እይዛለሁ። ጋሽ ሮባ የኮምፒውተር ባለሙያችን ነበር። ትውልዱ ዲላ አጠገብ ጪጩ ነው፤ ቀድሞ ይርጋጨፌ ሒሳብ ያስተምር ነበር፤ ኮምፒውተር የተማረው በየክረምቱ ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሰ ነው። ረጅምና ቀጭን ነበር፤ ኮቱን በፀሐይም በዝናብም እስከ መጨረሻው ቁልፍ ይቆልፈዋል። አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ስለሆነ እኔን ሴቷን አንዳንዴ «አንተ» ይለኛል፤ ኮምፒውተርን ግን ሁልጊዜ «እሷ» ነው የሚላት።

አስተማሪነቱ አልለቀቀውም። አንድ ነገር ሊያሳየን ሲፈልግ አጠገባችን ይቀመጥና ሁለት እጆቹን ከጭኑ ስር ይከታል። ማውሱን ከእጃችን እንዳይነጥቅ ራሱን ማሰሩ ነው። ስንሳሳት ያያል፣ ይቁነጠነጣል፣ ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ እጆቹ ግን አይወጡም። እኔ ችኩል ነኝ፤ ይህ ጠባዩ ያበግነኝ ነበር። አንድ ቀን «ጋሽ ሮባ፣ አንተ ብትነካው እኮ በአንድ ደቂቃ ያልቃል» አልኩት። «አዎ፣ ከዚያ ነገም ትጠሪኛለሽ» አለኝና እጁን ይበልጥ ወደ ውስጥ ከተተው። ሌላው አመሉ ደግሞ ማንኛውንም ነገር «ሠርቷል» ስንለው ማመን አለመቻሉ ነው። «እስቲ እንንቀላት» ይላል። ነቅሎ፣ መልሶ ሰክቶ፣ እንደገና ስትነሳ ሳያይ ሻይ እንኳ አይጠጣም።

የዚህ ሁሉ መነሻ የመሬት ልኬት ነው። የውጭ አገር ቡና ገዢዎች በዚህ ዘመን ጆንያው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ካላወቁ አንገዛም ይላሉ። ስለዚህ ባለሙያዎች በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይዘው በየገበሬው ማሳ ዳር ዳር እየዞሩ ለኩ። የባንኮ ጎቲቲ ቀበሌ ልኬት ሁሉ በአንድ ወጣት ባለሙያ ላፕቶፕ ላይ ተሰበሰበ። ልጁ ትንሽ ቆይቶ የተሻለ ሥራ አገኘና ለቀቀ። የሚለቅ ሠራተኛ የእጁን ንብረት ሳያስረክብ ክሊራንስ አይሰጠውም፤ የንብረት ክፍል ኃላፊያችን አቶ ጌታሁን ደግሞ ላፕቶፕ ሲረከብ ባዶና ንጹሕ እንዲሆን አጥብቆ ነው የሚያዝዘው። ልጁም ታዛዥ ነበር። ያለውን ሁሉ አጠፋ፣ ስክሪኑን ሳይቀር በሶፍት ወልውሎ አስረከበ። አቶ ጌታሁንም ከፍቶ ባዶነቱን አረጋገጠና ፈረመለት። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም ሥራውን በሥርዓት ሠርቷል። ባንኮ ጎቲቲ ግን ከእጃችን ወጣች።

እንደገና ልንለካ ወጣን። ጌዴኦ ውስጥ ማሳ ጠባብ ነው፣ ልጅ ብዙ ነው፤ መሬት ሊለካ የሚመጣ የቢሮ ሰው በደስታ አይታይም። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣማ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። ግብር ሊጨምሩ ነው የሚል አለ፣ ሊቆርሱ ነው የሚል አለ። አባባ ኡዶ የሚባሉ አዛውንት ወደ ማሳቸው በሚያስገባው ቀጭን መንገድ አፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ገጀራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመውታል። አላስፈራሩንም፤ እንሰታቸውን ሲመለምሉ ቆይተው ነበር። ግን ከዚያ ቦታ አልተነሱም። ባለፈው ስትለኩ ዝም አልኩ፣ አሁን የመጣችሁት ልትወስዱ ነው አሉ። አብሮን የነበረው ባለሙያ ስለ ሳተላይት ማስረዳት ጀመረና ነገሩን ጨርሶ አበላሸው። ከሰማይ ሆኖ የሚያይ አለ ሲባል ማን መሬቱን ያስለካል?

ጋሽ ሮባ ኮቱን ሳይፈታ መሬት ላይ ከአባባ ኡዶ አጠገብ ተቀመጠ። ረጅም ሰዓት በጌዴኦኛ ተነጋገሩ። እኔ ቋንቋውን የማውቀው ሰላምታውን ያህል ስለሆነ ቆሜ ፊታቸውን ሳይ ቆየሁ። በመጨረሻ አዛውንቱ ተነስተው መንገዱን ለቀቁልን። ስንመለስ ምን ብሎ እንዳሳመናቸው ጠየቅሁት።

«እውነቱን ነዋ። ለክተን ነበር፣ ጠፋብን አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ ግን ማንም አይለካህም፣ ይሄ ከጠፋ እኔ ሮባ ጠፍቻለሁ ማለት ነው አልኩት።»

እንዲህ ያለ ቃል በቢሮው ስም እንድትሰጥ ማን ፈቀደልህ ስለው፣ በቢሮው ስም አልሰጠሁም አለኝ። 

ከዚያ በኋላ እረፍት አጣ። አዲሱ ልኬት በእኔ ኮምፒውተር ላይ አለ፣ በገበያ ክፍሉ ላፕቶፕ ላይ አለ፣ በየኪሱ በሚዞር ፍላሽ ላይም አለ። አንዱ ያረመውን ሌላው አያውቅም። አንድ ገበሬ ሲሞትና ማሳው ለሚስቱ ሲዞር እኔ ጋ ይስተካከላል፤ ገበያ ክፍል ጋ ሟቹ እንዳለ ነው። ፍላሹ ደግሞ ቫይረስ ይዞ ይመጣና ፎልደሩን ሁሉ የማይከፈት ያደርገዋል። ጋሽ ሮባ ሥራ አስኪያጃችን ዘንድ ገብቶ የሁላችንም ሥራ በአንድ ቦታ የሚቀመጥበት ሰርቨር ይገዛልን አለ። ሥራ አስኪያጃችን ደግ ሰው ነው፤ በጀት የለም ብሎ ሻይ ጋበዘው።

ጋሽ ሮባ ያን ጊዜ ነው መጋዘን የገባው። ከዓመታት በፊት የውሃ ጥናት ሲሠሩ የነበሩ መሐንዲሶች ካርታ የሚሥሉበትን ትልቅ ጥቁር ኮምፒውተር ለቢሯችን ትተው ሄደው ነበር። ሁላችንም ላፕቶፕ ስንይዝ እሱ ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ተወርውሮ ጨረታ ይጠብቃል። ጎኑ ላይ «ለሽያጭ» የሚል ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበታል። ጋሽ ሮባ ክዳኑን ከፍቶ በስልኩ መብራት ውስጡን ሲያይ ቆየና እኔን ጠራኝ። ሜሞሪዋ ብዙ ነው፣ ፓወሯ ጠንካራ ነው፣ ሃርድ ዲስክ የምትይዝበት ቦታ ሞልቷል እያለ አንድ በአንድ አሳየኝ። «እሷ እኮ በሬ ናት። ጥጆች መሃል አስረዋት ነው» አለኝ። እኔ የታየኝ ቀይ አፈርና የሸረሪት ድር ብቻ ነው።

አቶ ጌታሁን አሻፈረኝ አለ። ለጨረታ የተያዘ ንብረት ሥራ ላይ አይውልም። ጋሽ ሮባ አልተከራከረውም። በየጠዋቱ እየሄደ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበት ሕመሙ ይጠይቀዋል፤ ስለ ኮምፒውተሩ አያነሳም። አንድ ጠዋት እንደ ዋዛ፣ መጋዘኑ እንደሚያፈስና አይጥ እንደገባበት ነገረው። ዕቃው ከመሸጡ በፊት ቢበላሽ ተጠያቂው ማን እንደሚሆን ጠየቀው። እስኪሸጥ ድረስ እኔ ክፍል ጠረጴዛ ላይ በደንብ ይጠበቅ አለው። አቶ ጌታሁን ከነፍሱ ቀጥሎ የሚወደው የንብረት ደህንነት ስለሆነ ደስ ብሎት ተስማማ፤ እንዲያውም በአንድ ጎን ይዞ አብሮ ተሸከመ። በጥበቃ ላይ ያለ ንብረት መብራት ላይ አይሰካ የሚል ግን አልተናገረም። ቢጫው ወረቀት እስከ ዛሬ አልተነሳም። አንድ ጊዜ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎች ዕቃ ሊያዩ መጥተው፣ እየሠራ ያለውን ማሽን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ዋጋ ሲጠይቁ ጋሽ ሮባ አስወጥቷቸው በሩን ቆልፎ ጠፋ።

ማሽኑን ያጸዳው ጎሚስታ ቤት ወስዶ ነው። ጎማ የሚነፋበት አየር አቧራ ለማውጣት ይሆናል፤ ግን ቱቦው ውስጥ ውሃ ካለ ጉድ ነው ብሎ ጎሚስታውን መጀመሪያ አየሩን መሬት ላይ እንዲነፋ አስገደደው። ባለጎማዎቹ ተሰልፈው ሲያዩት አላፈረም። ከዚያ መሐንዲሶቹ ካርታ የሚሥሉበትን ትልቁን የምስል ካርድ አወጣው፤ መብራት ከመብላት በቀር ለእኛ አይጠቅምም። ስክሪኑንም ነቀለ። ሁለት አዲስ ሃርድ ዲስኮች አስገባና አንዱ ላይ የተጻፈው በዚያው ቅጽበት ሌላው ላይም እንዲጻፍ አደረገ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ገመድ ዘረጋልን። አንድ ጠዋት ኮምፒውተሮቻችንን ስንከፍት በሁላችንም ላይ «አንድ» የሚባል ፎልደር ብቅ አለ። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ሰው እዚህ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ነገር የለም ማለት ነው አለን። አጉረመረምን። በሳምንቱ ፍላሼ የት እንደገባ ረስቼው ነበር።

በቡና መግዣው ወቅት መካከል፣ ሁላችንም በሥራ በተወጠርንበት ቀን፣ «አንድ» ድንገት ጠፋ። ጋሽ ሮባ ክፍሉን ከፍቶ ሲገባ ተከትዬው ነበር። ማሽኑ ለብሷል። ወፍራም ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ነጭ ዳንቴል የተሠራለት፣ ከላይ እስከ ጠረጴዛው ድረስ በልኩ የተሰፋ። የእትዬ ዘነበች እጅ ሥራ ነው። ጋሽ ሮባ የገበሬው ሁሉ መሬት እዚህ ውስጥ ነው ብሎ ነግሯት ስለነበር፣ የሰው መሬት ይዛ እንዴት እንደ ተራ ዕቃ ራቁቷን ትቀመጣለች ብላ ስትሠራላት ከርማለች። ቤቷ ያለውን ቴሌቪዥን እንደምታለብሰው ነው ያለበሰችው። ማሽኑ በሙቀት ታፍኖ ራሱን አጥፍቷል።

እኔ ልጮህ ነበር። ጋሽ ሮባ ግን እትዬ ዘነበችን አስጠርቶ፣ ዳንቴሉን በጣቱ እየነካ፣ ስንት ጊዜ እንደፈጀባት ጠየቃት። በጥንቃቄ ገልጦ አጠፈው። ማሽኑ ቀዝቅዞ ሲነሳ «ዘነቡ፣ ነይ እጅሽን እዚህ አድርጊ» አላት። መዳፏን ከጀርባው አስጠጋች። ይሞቃል አለች። «በዚህ ነው የምትተነፍሰው» አላት። እትዬ ዘነበች ክው ብላ ቀረች፤ የሰው ልጅ ያፈነች ያህል ተሰማት። ጋሽ ሮባ ልብሱን ወደ ቤቷ እንድትመልሰው አልፈቀደላትም። የወንበሩ መደገፊያ ላይ አለበሰውና እስከ መጨረሻው ቀን ቀይ ከፋይና ዳንቴል ተደግፎ ሠራ። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ ስትገባ የማሽኑን ጀርባ ሳትዳስስ መጥረጊያ አታነሳም።

ግን ጋሽ ሮባ አሁንም ልቡ አላረፈም። ቃል የሰጠው ለአባባ ኡዶ ነውና እሳቸው ማየት አለባቸው አለ። አንድ የገበያ ቀን ይዟቸው መጣ። አዛውንቱ ማሽኑን ዞረው አዩት። ጋሽ ሮባ የእሳቸውን ማሳ በእኔ ኮምፒውተር ላይ እንድከፍት አደረገኝና፣ ከፊት በኩል እንደ መሳቢያ የሚወጣውን አንዱን ሃርድ ዲስክ አሳይቷቸው «ንቀለው» አላቸው። ሥራ አስኪያጃችን በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አባባ ኡዶ ሳያቅማሙ ሳብ አድርገው አወጡት። ማሽኑ ትንሽ ጮኸ። ማሳቸው ከስክሪኔ ላይ ንቅንቅ አላለም።

አባባ ኡዶ ዲስኩን በመዳፋቸው መዘኑት። መሬቴ ይሄ ነው ወይ አሉ። ያንተም፣ የጎረቤትህም፣ የሁላችሁም አለ ጋሽ ሮባ። እጅግ ቀላል ነው ብለው መለሱለት። ቢሮው ቢቃጠልስ ብለውም ጠየቁ። ጋሽ ሮባ ሁሉም የተገለበጠበት ሦስተኛ ዲስክ ይርጋጨፌ ቅርንጫፋችን ውስጥ እንዳለ፣ ዓርብ ዓርብ በአውቶቡስ አዲሱን ወስዶ አሮጌውን እንደሚያመጣ ነገራቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። የተነቀለው ዲስክ ተመልሶ ከገባ በኋላ ከሌላው ሁሉንም እስኪገለብጥ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ጋሽ ሮባ ምሳ ሳይበላ ፊቱ ተቀምጦ ዋለ። ፈርተህ ነበር እንዴ አልኩት። «በጣም እንጂ» አለኝ። ያን ቀን እንዴት እንደወደድኩት።

መታመሙን የደበቀን ይመስለው ነበር። ኩላሊቱ ነው። ሐዋሳ ጉዳይ አለኝ እያለ መመላለስ ጀመረ፤ ኮቱ እየሰፋው መጣ። የእኛን ትምህርት ደግሞ አጠበቀው። መብራት ሲሄድ ማሽኑ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ሲመጣ እንዴት እንደሚነሳ፣ ዲስክ ሲሞት እንዴት እንደሚቀየር፣ ገንዘብ ያዧም ጥበቃውም ሳይቀሩ በተራ አደረጉት። እሱ አጠገባችን እጁን ከጭኑ ስር ከትቶ። እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ እንጂ ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም ብዬ አንድ ቀን ተቆጣሁ። አልተቆጣኝም። ዓርብ ይርጋጨፌ የምትሄጂው አንቺ ነሽ ብሎ ዲስኩን በሹራብ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ራሄል፣ እኔ ሰኞ ላልመጣ እችላለሁ። እሷ ግን ሰኞ መኖር አለባት» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ግን የገባኝ እንዳይመስለው ስለ አውቶቡሱ ማውራት ጀመርኩ።

ሆስፒታል ከተኛ በኋላ አንዱ ዲስክ ሞተ። ማሽኑ ሲጮህ ሁሉም ሰው በሩ ላይ ተሰብስቦ እኔን አየኝ። የሞተውን ሳብ አድርጌ አወጣሁት፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጠልንን አዲሱን አስገባሁ። በማግስቱ ሁለቱም ዲስኮች እኩል ሲሆኑ ደወልኩለት። ድምፁ ደክሟል። የሆነውን ነገርኩት።

«ማን ነቀላት?»

«እኔ።»

«አጠገብሽ ማን ነበር?»

«ማንም።»

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። «አለሁ፣ አለሁ» አለ። «በቃ» አለ። ከዚያ ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ፣ የእትዬ ዘነበችን ጤና ጠየቀኝ። እየሳቀ ነበር የሚያወራው። የመጨረሻ ንግግራችን ይህ ነው።

የተቀበረው ጪጩ ነው። ቢሮው ተዘግቶ ሁላችንም በአንድ አውቶቡስ ሄድን። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሟል፤ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን በጌዴኦኛ ይዘምራሉ። እኔ ከኋላ ካሉት አግዳሚዎች በአንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ አንድ አዛውንት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አባባ ኡዶ ናቸው። ከባንኮ ጎቲቲ ሌሊቱ ሲነጋ ተነስተው ነው የመጡት፤ ጫማቸው ጭቃ ነው። እጄን ጨበጡኝና አብረን መዝሙሩን ሰማን። ከዚያ በአማርኛ፣ ቃሉን እየመረጡ ተናገሩኝ።

«ሰውዬው ሄደ።»

«ሄደ፣ አባባ።»

«እንግዲህ ልትለኩን ትመጣላችሁ?»

ከፊታችን የተቀመጠው ሥራ አስኪያጃችን ሰምቶ ዞረ። ጉዳዩ በቢሮ ደረጃ የሚታይ እንደሆነ፣ ቦታው ግን እንዳልሆነ በትሕትና ነገራቸው። አባባ ኡዶ ወደ እሱ አላዩም። እኔ ስለ ሁለቱ ዲስኮች፣ ይርጋጨፌ ስላለው ሦስተኛው ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ይህን ሁሉ ያውቁታል፤ በእጃቸው መዝነውታል። የጠየቁኝ ስለ ማሽን አይደለም፤ የዚያን ሰው ቃል አሁን ማን እንደያዘው ነው።

«አንለካችሁም» አልኳቸው።

«ማነው ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስምሽ ማነው?»

ነገርኳቸው።

«የማን ልጅ?»

የአባቴንም ስም ነገርኳቸው። ሁለቱን ስም አንድ ላይ ቀስ ብለው ደገሙት። ከዚያ እጄን ያዙና ሬሳው እስኪወጣ ድረስ አልለቀቁኝም።